የወንዝ ማዶዋ ንግሥት

የካቲት 9 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ መደወል ለተወው ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን አውቃለሁ። እናትህ በስልክ «ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ?» ሲሉህ ወጥ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ። ለመስማት ብዬ አይደለም፤ ሰሃን እያጠብኩ ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር። እኛም ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ከበፊቱ ይሻላል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እንደተለመደው ያንጠባጥባል። ቧንቧ ሠሪው መጥቶ አየና «ይሄ ችግሩ ከመሠረቱ ነው» ብሎ ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ እኔም አልገባኝ፣ እሱም የገባው አይመስለኝም።

የምጽፍልህ ስለ ኮምፒውተር ጨዋታህ ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። የሙከራውን ቅጂ ስትልክልኝ «ተጫወቺውና ያለ ይሉኝታ አስተያየትሽን ንገሪኝ» ብለህ ነበር። ያለ ይሉኝታ ያልከው አንተ ነህ። ትተኸው በሄድከው ኮምፒውተር ላይ ጭኜው ከሥራ መልስ፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር ስጫወተው ከረምኩ። አስተያየቴ ይኸውልህ፦ ተራራዎቹ ያምራሉ፣ ሠራዊቱ ደህና ነው፣ አንተ የሠራኸው የንግድና የዲፕሎማሲው ክፍል ግን መሳቂያ ነው። ቅር እንዳይልህ። ቢልህም እንግዲህ ምን ላድርግ።

ከንግድ ጠረጴዛው ልጀምር። እኔ የምሰጠውን በግራ በኩል እደረድራለሁ፣ ከዚያኛው ንጉሥ የምፈልገውን ደግሞ በቀኝ። መሃል ላይ አንዲት መብራት አለች። ቀይ ከሆነች ንጉሡ አልተስማማም፣ አረንጓዴ ከሆነች ተስማምቷል። እንግዲህ አስበው። አንድ ወርቅ እጨምራለሁ፣ ቀይ። አንድ እጨምራለሁ፣ አሁንም ቀይ። አንድ እጨምራለሁ፣ አረንጓዴ። ይሄ ንጉሥ ነው ወይስ የመንገድ መብራት? እኔ እኮ ማተሚያ ቤት ግዥ ክፍል ተቀምጬ ዕድሜዬን የፈጀሁት አንድ ሻጭ የቱ ጋ ሲደርስ እንደሚለሳለስ ለማወቅ ነው። ባለ ኮፍያውን ወረቀት ነጋዴ ታውቀዋለህ። እውነተኛ ዋጋ ሲጠራ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ሲዋሽ መልሶ ያጠልቃል። ይህችን ለማወቅ ስንት ዓመት ፊቱን ሳጠና እንደኖርኩ ምስክሬ አንተ ነህ። አሁን አንተ በንጉሥ ግንባር ላይ አምፖል ሰቅለህ ዲፕሎማሲ ነው ትለኛለህ።

ያ ጢሙ ሆዱ ላይ የወረደው የሰሜኑ ንጉሥ ደግሞ አለልህ። አገሩ ውስጥ ያለውን መዳብ ሙልጭ አድርጎ ሸጠልኝ። በሚቀጥለው ዙር መልእክተኛ ልኮ «ወዳጄ ሆይ፣ ሠራዊቴ መዳብ አጥቶ ተቸግሯል» አለኝ። የራሱን መዳብ በሦስት እጥፍ መልሼ ሸጥኩለት። አመሰገነኝ። ሰሌዳው ላይ ደግሞ ወዳጅነታችን በአምስት ነጥብ ማደጉን ጻፍክልኝ። እንዲህ ያለ ሻጭ በእውነተኛው ዓለም አንድ ብቻ ባገኝ ማተሚያ ቤቱ ላይ ሁለት ፎቅ አስጨምር ነበር።

ቂሙማ ይብሳል። የደቡቡን ንጉሥ ድንበር ጥሼ አንድ ከተማ ቀማሁት። በነገሥታት ሁሉ ፊት አወገዘኝ፣ «ይህን ግፍ የልጅ ልጆቻችን አይረሱትም» ብሎ ፎከረ። ሠላሳ ዙር ሲሞላ ምንም እንዳልተፈጠረ ጥርሱን እያሳየ ሽቶ ሊሸጥልኝ መጣ። ቂም እንደ መድኃኒት ጊዜው ሲያልፍ የሚጣል ነገር አደረግከው ማለት ነው? የእናትህና የእህታቸው ነገር ስንት ዙር ሞላው? በአንድ መጋረጃ የተነሳ ተኳርፈው ይኸው እስከ ዛሬ በሠርግ ፎቶ ላይ እንኳ ጎን ለጎን አይቆሙም። በእነሱ መሃል ተቀምጠህ ያደግክ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ስትሠራ ትንሽ አታፍርም?

የምሥራቁ ንጉሥ «ጠላቴ ጠላትሽ ነው፣ አብረን እንዝመት» አለኝ። አምኜው ጦሬን አስከትቼ ድንበሩ ላይ ስደርስ ከዚያው ከጠላቱ ጋር ስንዴ ሲገበያይ አገኘሁት። ይህችን አልነቅፍብህም። ይህች የሰው ነገር ትመስላለች።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ ነበር የተጫወትኩት። አሁን ወደ ወንዝ ማዶዋ ንግሥት ልምጣ።

የኔን አገር ከባሕር የሚያገናኛት አንድ ወንዝ ነው፣ ወንዙ ደግሞ በሷ ግዛት ያልፋል። እሷ ካልፈቀደች ጀልባዎቼ አያልፉም፤ ጀልባዎቼ ካላለፉ እህል አይገባም፤ ሕዝቤ ያልቃል። ሌሎቹ ነገሥታት ሁሉ በመብራት የሚነዱ ሲሆኑ እሷ ዘንድ ግን መብራት የለም። ጠረጴዛው ጨለማ ነው። መጀመሪያ ሳየው ደስ አለኝ፣ «ተመስገን፣ አንዷን እንኳ ሰው አድርጓታል» አልኩ። ወርቅ አቀረብኩላት፤ «ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ። ፈረስ አቀረብኩ፤ «ይታሰብበታል» አለችኝ። ሁለቱን ደርቤ ወንዙን ክፈቺልኝ አልኳት፤ «መጀመሪያ የመጨረሻ ዋጋሽን አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ። እንዴት ተደርጎ? በኛ ሙያ ቀድሞ የመጨረሻ ዋጋውን የሚናገር ሰው ከስሯል። ዝም አልኳት። እሷም ዝም አለች። ዙር ይሄዳል፣ ዙር ይመጣል፣ ሁለታችን ተፋጠን ቁጭ። ሕዝቤ በረሃብ አለቀና ተሸነፍኩ። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ተሸነፍኩ። በሌላ መንገድ ሞከርኩ፤ አስፈራራኋት፣ ሌሎቹን ነገሥታት ገዝቼ አስወገዝኳት፣ ንግዷን አስቆምኩባት። ቅንድቧን እንኳ አላነቃነቀችም።

እናትህ ከኋላዬ ሶፋው ላይ ሹራብ እየሠሩ ያዩኛል። ንግሥቲቱ ቀለበቷን ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገች «ምን ፈልገሽ ነው?» ባለች ቁጥር ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ምን እንደሚያስቃቸው ስጠይቃቸው «ምንም ልጄ፣ ቀለበቷ ነው» ይሉኛል። አንድ ቀን ሳቃቸው ሲበዛ ወደ እጄ አየሁ። ማውሱን ይዤ ቀለበቴን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳሁ ነበር።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝና ደሜ ፈላ። አፍንጫዋ የኔ አይደለም፤ የኔ እንደዚያ አይረዝምም። የቀረው ሁሉ ግን የኔ ነው። አቀማመጧ፣ አንገቷን ዘንበል ማድረጓ፣ «ይታሰብበታል» ስትል ድምጿን የምትጎትተው ነገር። ስንት ሺህ ሰው ሊገዛው ነው ያልከኝ ይህን ጨዋታ? ያ ሁሉ ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ ሚስትህን «ይህች ክፉ ሴትዮ» እያለ ሊረግማት ነው። አብሮህ የኖረን ሰው ዘውድ ደፍተህለት፣ ወንዝ ማዶ አስቀምጠህ፣ ለሰው አሳልፈህ ሸጥከው። እንዲህ ያለውን ድፍረት ባለ ኮፍያው እንኳ አይሞክረውም።

ደግሞ ምን አጠፋሁ? ስለ ግዥ ክፍል ከነገርኩህ ውስጥ አንዱን ይዘህ ሌላውን ጥለኸዋል። በኛ ቤት ከነጋዴ የሚመጣ ማናቸውም ነገር፣ አንድ ብዕርም ቢሆን፣ «ምን ፈልጎ ነው?» ተብሎ ይመረመራል። ስጦታ የተቀበለ ገዥ ዋጋ ለመከራከር አፍ የለውም። እኔን የቀደመችኝ ኃላፊ አንድ የግድግዳ ሰዓት ተቀብላ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ቀለም በውድ ስትገዛ ኖረች። አንተም ያንን አረንጓዴ ሻርፕ ይዘህልኝ ስትመጣ «ምን ፈልገህ ነው?» ያልኩህ በዚሁ ነው። ፊትህን አጥቁረህ ሻርፑን ወንበሩ ላይ ትተህ ወጣህ። ግን ፈልገህ ነበር እኮ። ሳምንት ሳይሞላ «ውጭ አገር ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልሂድ ወይ?» ብለህ መጣህ። ስለዚህ ጥያቄዬ ልክ ነበር።

የመጨረሻውንም ጊዜ እንዲሁ ነው ያደረግከው። ደውለህ፣ ስለ አየሩ አውርተህ፣ ስለ ምሳህ አውርተህ፣ በመሃል «ናፍቄሻለሁ ወይ?» አልከኝ። እኔም «መጀመሪያ አንተ መቼ እንደምትመጣ ንገረኝ» አልኩህ። ምን ልልህ ኖሯል? ከጀርባህ ምን እንዳለ ሳላውቅ መልሴን ላስረክብህ? «በይ ደህና ሁኚ» አልክና ዘጋህ። ከዚያ ወዲህ ለእናትህ እንጂ ለኔ አልደወልክም። ከጀርባህ ምን እንደነበረ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ለካ ድርጅቱ ሦስት ዓመት ጨምርልን ብሎህ ኖሯል። የምትፈርመው ሰኞ ሳምንት ነው አሉ። እንግዲህ ተመልከት፤ አሁንም ከጀርባህ ነገር ነበረ፤ አሁንም እኔ ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔ ምን እንደጠቀመኝ ግን እስካሁን አላገኘሁትም።

ወደ ጨዋታው ልመለስ፤ ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ አንድ ብልሽት አግኝቼበታለሁና። እንደገና ጀምሬ ለወንዝ ማዶዋ ንግሥት ጨው ደረደርኩላት፤ ጎተራዬ ውስጥ ያለውን በሙሉ። በቀኝ በኩል የወንዙን ፈቃድ ላስቀምጥ ስል ያ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ፈነዳ። እናትህ ውስጥ ነበሩ። ጩኸታቸውን ስሰማ ዘልዬ ስነሳ እጄ ማውሱን ነካው መሰለኝ፣ ብቻ ቧንቧውን በፎጣ አስሬ፣ እናትህን አድርቄ፣ ራሴ ከላይ እስከ ታች ርሼ ስመለስ ጨዉ የለም። ሄዷል። በቀኝ በኩል ያስቀመጥኩት ነገር የለም። ያለኝን ጨው በሙሉ በነጻ ልኬላታለሁ። አንተ ይህን ገጸ በረከት ብለህ ሰይመኸዋል። በኛ ክፍል ይህ ከሥራ ያስባርራል።

ንግሥቲቱ መጣች። ቀለበቷን እያንኳኳች «ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ። የምመልሰውን ፈለግኩ። ሌላ ጊዜ አራት አምስት መልስ ትደረድርልኝ የነበርከው ሰውዬ አሁን አንድ ብቻ ነው ያስቀመጥክልኝ፤ «ምንም» ይላል። ሌላ የሚጫን ስለሌለ እሱን ተጫንኩት። ማንኳኳቷን አቆመች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር አድርገሃል፤ ምን እንደሆነ ደጋግሜ አየሁት፣ አላወቅኩትም። ዓይኗን ወደ እጇ ዝቅ አደረገች። ሁለት ዙር ቆይቶ ወንዙ ተከፈተ። ማንም ሳይጠይቃት።

ብልሽት ነው ብዬ ያዝኩት። ዕቃ በነጻ ወጥቶ ወንዝ በነጻ ሲከፈት ምኑ ነው ንግድ? መዝኚው ብትለኝ በየትኛው ሚዛን? ለማረጋገጥ ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጨዉን በግራ በኩል ደረደርኩ፣ ቀኙን ባዶ ተውኩት፣ «ላክ» የሚለው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። መጫን አቃተኝ። እውነቴን ነው፣ የተሳለ ጨው ነው፣ የማይበላ የማይሸጥ፣ ግን ጣቴ እንቢ አለኝ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ተነሳሁ።

ሰኞ ቢሮ ባለ ኮፍያው ከረሜላ በካርቶን ይዞ ገባ። «ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት። «ምንም፣ ልጄ ተመርቃ ነው» አለኝ። ለዘበኛውም ለጽዳት ሠራተኛዋም አድሎ ነው የመጣው። እኔ እጄን ሳልዘረጋ ስቀር ካርቶኑን ይዞ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና ወደ ሒሳብ ክፍል አለፈ። ልጁ መመረቋን ጠይቄ አረጋገጥኩ፤ እውነት ነው። በዚሁ ሳምንት ደግሞ ወረቀት ላይ ዋጋ ጨመረ፤ ይህም እውነት ነው። አሁን ይህን አንተ በየትኛው ነጥብ ታስገባዋለህ? አምስት ትጨምራለህ ወይስ አምስት ትቀንሳለህ?

ትናንት ማታ እራት ላይ ስለ ብልሽቱ ለእናትህ ነገርኳቸው። ነገ ጽፌ አሳፍረዋለሁ አልኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ብልሽት አይደለም ልጄ» አሉኝ። «እንደዚያ ያደረጋት እሱ ነው።»

«እርስዎ በምን ያውቃሉ እማማ?»

«በስልክ ስለ ማን የሚያወራኝ መሰለሽ? ጢማሙን ንጉሥ በአንድ ጠዋት ጨረስኩት አለኝ። እሷን ግን ሲሠራ ሲያፈርስ ዓመቱ አለቀበት። አለቆቹ እንደሌሎቹ መብራት አድርግባትና ይለቅልን ቢሉት፣ እሷ መብራት የላትም ብሎ ተጣላቸው። ከሥራ ሊያወጡት ነበር እኮ።»

እና በመጨረሻ የቱ ጋ ታረቁ ብዬ ልጠይቅ ፈልጌ ተውኩት። እሳቸውም ሾርባው ቀዘቀዘ ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ስማ። ስለ እኔ ከአለቆችህ ጋር ትጣላለህ፣ እንጀራህን አደጋ ላይ ትጥላለህ፣ ስልክ አንስተህ የኔን ቁጥር መምታት ግን አቃተህ። ይህን ሁሉ ነገሥታት የሚያደራድር ሰውዬ ከሳሎን እስከ ወጥ ቤት ያለችውን መንገድ አጣት። እናትህ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው «እዚህ ናት፣ ላቅርብልህ?» ሲሉህ «ተያት፣ ሥራ ይዛ ይሆናል» ስትል ሰምቼሃለሁ። ሥራ አልያዝኩም ነበር። ሰሃኑን ለሦስተኛ ጊዜ እያጠብኩት ነበር። አንተን ዲፕሎማት ብሎ የቀጠረህ ድርጅት ምን ዓይነት ድርጅት እንደሆነ አንድ ቀን መጥቼ ባየው ደስ ይለኛል።

እኔም ይህን ስጽፍ አመጣጤ ሌላ ነበር። ቅድመ ሁኔታዎቼን አዘጋጅቼ ነበር፤ መጀመሪያ ይህን ታደርጋለህ፣ ከዚያ እኔ ይህን አደርጋለሁ፣ ካልሆነ ደግሞ እንዲህ ይሆናል የሚል። ጥሩ ድርድር ነበር፤ አንተ በሁለት ቀን ትወድቅልኝ ነበር። አሁን ሳየው የባለ ኮፍያውን ጨረታ ይመስላል። አጠፋሁት። ስለዚህ ፈርም ብዬ አልጽፍልህም፣ አትፈርም ብዬም አልጽፍልህም። ሥራውን እንደምትወደው አውቃለሁ። ጢማሙን ንጉሥ ግን አስተካክለው፤ በዚያ መልኩ ለሰው ከወጣ ስምህን ቀይር።

እናትህ ግንባርህን ስመውልሃል። ሹራቡ ያንተ ነው፤ እጅጌው ረዝሟል፣ ብነግራቸው «ክንዱ ረጅም ነው» ብለው አልሰማ አሉኝ። ካለህበት ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቅህ፤ እንቅልፍህን የሰላም ያድርግልህ፤ ክፉ አለቃና ክፉ ጉንፋን ከበርህ ያርቅልህ።

በስልክ የጠየቅከኝን አልመለስኩልህም ነበር። ከምሳ ጀምሮ እዚህ መስመር ላይ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። ነግሬሃለሁ፤ በኛ ሙያ ቀድሞ የሚናገር ይከስራል። እንግዲያው ልክሰር።

ናፍቀኸኛል። ብትፈርምም ባትፈርምም ናፍቀኸኛል።

ባለቤትህ